ሽማግሎቹ ስልክ ቤት የቆሙ ዕለት

እኔ ሚስቴን ያገኘሁት በመንግሥት በጀት ነው። ስለዚህ ሰው መንግሥትን ሲያማ ዝም ብዬ ጠላዬን እጠጣለሁ።

በዚያን ዘመን መንግሥት ለገጠር ስልክ ገንዘብ መደበና ምሰሶዎቹ ከጎንደር በኩል ሜዳውን እየተራመዱ ወረታ ደረሱ። መሐንዲሱ የመጣው በጥር ነው። የፎገራ ሜዳ በጥር ደረቅ ነው፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ አህያ ከነጭነቷ ስንጥቁ ውስጥ ገብታ ብትቀር የሚገርመው የለም። የምሰሶውን ጉድጓድ አንድ ክንድ ብቻ ሲያስቆፍር የቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች፣ “ጌታው፣ ይኼ እኮ በክረምት ባሕር ነው፤ ጠለቅ ይበል” አሉት። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ “በበጀቱ ውስጥ ውሃ የለም” አላቸው።

እውነቱን ነው፤ አልነበረም። ውሃው ግን በጀት ሳይጠብቅ በሐምሌ መጣ።

በዚያ ላይ ከብቶቻችን ምሰሶውን ወደዱት። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ጀርባ ማከኪያ ከየት ይገኛል? አንድ የፎገራ በሬ ወረታ ላይ ሲታከክ ጎንደር ደወል ይጮኻል ይባል ነበር። ያልሁት እኔው ነኝ፤ ግን ይባል ነበር።

በዚያው ክረምት አንዲት የቁሐር ሚካኤል ልጅ ልቤን ወስዳው ነበር። አባቷ ለመሬት ክርክር ጎንደር እንደ ወጡ ውሃው መንገዱን ቆርጦ እዚያው አስቀራቸው። ይኼስ ደግ ነበር። አንድ ዓርብ ግን ውሃውን በእግሩ ዞሮ ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ክፉ ወሬ ይዞ ደረሰ፦ አንድ የጎንደር ጸሐፊ ለዚችው ልጅ እሑድ ወደ አባቷ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እኛ በእግር ዞረን ጎንደር ለመድረስ አራት ቀን ይፈጃል። ልጅቱ በሁለት ቀን ልትሄድብኝ ነው።

“በስልክ ይለመን” አልሁ።

አጎቴ ሳቁብኝ። “ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ነው የሚለምን። ስልክ ደጅ አለው?”

“ስልክ ቤት ይባል የለ?” አሉ የንስሐ አባቴ። “ቤት ካለው ደጅ አያጣም።”

በእኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ተቀመጡ ቢሉት “ጉዳይ አለን” ብሎ እንደ ቆመ ይለምናል። እሺ ሲባል ነው የሚቀመጠው። እናም ቅዳሜ ጧት ሦስት ሽማግሎች ይዤ ስልክ ቤት ሄድሁ፦ የንስሐ አባቴን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አጎቴን፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎረቤታችን ሙስሊሙ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የልጅቱ አባት፣ “እሳቸው ስንዝር አያጎድሉም” እያሉ ያምኗቸዋል።

ስልክ ቤቱ ከከተማው ጫፍ፣ በሩ ወደ ሜዳው የዞረ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ስልከኛው ጎንደር ደውሎ አባትየውን አስጠራና አግዳሚውን አሳየ።

“አባታችን፣ ይቀመጡ።”

“አንቀመጥም፤ ጉዳይ አለን።”

“ጉዳዩ ከእኔ ጋር ነው እንዴ?”

“የደረሰች ልጅ አለችህ?” አሉት አጎቴ።

“ኧረ እኔ ገና አላገባሁም!”

“እንግዲያ ዝም በል።”

አባትየው ቀረቡ፤ የሚሰማው ግን እንደ ሽሮ ወጥ የሚንተከተክ ድምፅ ብቻ ነው። ስልከኛው በበሩ ወደ ውጭ አየ። ሦስተኛው ምሰሶ አሁን ገና ዘምሞ ሽቦው ውሃው ውስጥ ገብቷል።

“ሰው ቀና አድርጎ ካልያዘው አይሰማም” አለ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። “ሚስት የሚፈልገው ማን ነበር?” አሉ ጨርቅ ነጋዴው።

ገባሁ። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር፤ ለልጆቼ ስነግር እስከ አንገቴ ነው። አንድ አምባዛ ዓሣ ሱሪዬ ውስጥ ገብቶ ጉዳዩ እስኪያልቅ አብሮኝ ቆመ። ምሰሶውን በትከሻዬ ደግፌ ስገፋው ሽቦው ከውሃው ወጣ፤ ስልከኛው ከበሩ እጁን አወዛወዘልኝ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም። ትዳሬ በራሴ ላይ በሽቦ ሲያልፍ እኔ የማየው በሩ ላይ ሦስት ነጭ ጋቢ ብቻ ነው። ቆመዋል። ሰላምታው አንድ ዘመን ፈጀ፤ የሰዉ ጤና፣ የከብቱ ጤና፣ የጓያው ነገር፣ አንዱም አልቀረ። ኋላ እንደ ነገሩኝ አባትየው፣ “እኔ እንደሆን አላያችሁም፤ ቆማችኋል ወይስ ተቀምጣችኋል?” ብለው ጠየቁ። “በሥላሴ ቆመናል” አሉ የንስሐ አባቴ።

አንዱ ጋቢ ዝቅ አለ። ልቤ ዘለለች። ኋላ ግን አየሁ፣ አጎቴ ናቸው። እሺ ተባልን ነው፣ ወይስ ጉልበታቸው ነው? በጉልበት ሕመም ማን ደስ ይለዋል! ትንፋሼን ያዝሁ፤ አምባዛውም ያዘ። ጨርቅ ነጋዴው ተቀመጡ። ቀጥሎ የንስሐ አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ ተቀመጡ።

ሁለት እጄን አንሥቼ እልል አልሁ።

ምሰሶው ጧ ብሎ ወደቀ።

አጎቴ እያነከሱ እየሮጡ ወጡ። “ምን አረግህ አንተ! ‘ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ግን...’ እያሉ ነበር እኮ!”

“ግን ምን?”

“እሱን አንተ ታውቃለህ! የጣልኸው አንተ!”

ምሰሶው እስከ መስቀል አልተነሣም። ክረምቱን ሙሉ ያንን ‘ግን’ ይዤው ተኛሁ፣ ይዤው ተነሣሁ። ግን ሃያ በሬ ያምጣ? ግን ሰባት ዓመት ይጠብቅ? ግን መጀመሪያ ያን የሚጮኸውን እብድ ከሜዳው አስወጡልኝ?

ውሃው ሲጎድል አባትየው መጡ። አንገቴን ደፍቼ፣ ጉልበት ስሜ ጠየቅኋቸው።

“ያቺ ‘ግን’?” አሉ እየሳቁ። “ግን ልጁ የታለ፣ ድምፁን እንኳ ልስማው ልል ነበር። እውነትም፣ አንተ የት ነበርህ?”

“ተሸክሜዎት ነበር” አልኋቸው።