ለቦዩ ግጥም የጻፍኩ ልጅ

በቀደም መቱ ውስጥ አዲስ የተከፈተ ካፌ ገብቼ ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፎ አገኘሁ። አስተናጋጇ በእርጥብ መወልወያ ትፈትገዋለች። ሽታ የለው፣ ጤዛ የለው። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተናድጄ ወጣሁ። ቄጠማ ከደጃቸው አጭደው ያደጉ ሰዎች አረንጓዴ ምንጣፍ ገዝተው ይኩራራሉ።

እኔ ያደግሁት ከመቱ ወጣ ብሎ፣ ሁሩሙ ዳር ነው። ከቤታችን በታች ጨፌው ነበር፤ ረግረጉን የምንጠራው እንደዚያ ነው። ቄጠማው ከእኛ ቁመት ይበልጣል። ሥሩ ተጠላልፎ ውሃው ላይ ስለተኛ ስንዘልበት መሬቱ እንደ ፍራሽ ያነጥረናል፤ አንዱ ሲዘል ሦስት እርምጃ ርቆ የቆመው ይወዛወዛል። አልቅት እግሬ ላይ ተጣብቆ፣ ጭቃና የዱር ናና ሸትቼ ስመለስ እናቴ "ደግሞ እዚያ ዋልክ? አንተ እንቁራሪት!" እያለች ከበር ታስቆመኝ ነበር። እግሬን የምታጥበኝ ከጨፌው ራስ ከሚፈልቀው ምንጭ በቀዳችው ውሃ ነው። ምንጩ በጋ ከክረምት አይለይም ነበር።

ያ ዝም ብሎ የሆነ አልነበረም። ጨፌውን የሚጠብቁት ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ነበሩ። በግርጌው በኩል በበጋ ጠለቅ ያላለ ቦይ ተቆፍሮ በቆሎ ይዘራል፤ እህሉ ሲነሳ ቦዩ ይደፈንና ውሃው ተመልሶ ይተኛል። የጨፌውን ራስ ግን ማንም በዶማ አይነካውም። እዚያ የሚገባው ማጭድ ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ፣ ለቤት ክዳንና ለበዓል። ከብቱ የገባበት ሰው ኦቦ ገመዳ ደጅ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህን ደንብ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው የለም፤ የጣሰውም አልነበረም።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ልማት መጣ። አንድ ኃላፊ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሞ "ይሄ ሁሉ መሬት ሥራ ፈትቶ ተኝቷል!" አለ። ጨፌው ከራስ እስከ ግርጌ ቦይ ተቆፍሮበት እንዲደርቅ፣ በቆሎ እንዲዘራበትና መሬት የሌላቸው ወጣቶች እንዲካፈሉት ተወሰነ። እኛ ተማሪዎቹ አካፋ ይዘን ተሰለፍን። እኔ ግጥም የምሞክር ልጅ ስለነበርኩ የቁፋሮው ማስጀመሪያ ላይ እንዳነብ ታዘዝኩ። በኦሮምኛ ጻፍኩ። ጨፌውን ሰነፍ አልኩት፣ የወባ ጎሬ አልኩት፤ ቦዩን ጀግና አደረግሁት።

በዕለቱ ኦቦ ገመዳ መጡ። "ዲሲ! ተው!" አሉ፤ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር በኦሮምኛም በአማርኛም። "ከታች የፈለጋችሁትን ቆፍሩ። የጨፌውን ራስ ከነካችሁ ምንጩ ይሄዳል።"

ኃላፊው ፈገግ አለ። "አባቴ፣ እርስዎ የሚያዝኑት ለሰው ነው ለእንቁራሪት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዲያው ስሜ ተጠራና ግጥሜን እሳቸው ፊት በሙሉ ድምፄ አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ደብተር ተሸለምኩ። ኦቦ ገመዳ አልተቆጡኝም። "ድምፅህ ጥሩ ነው" ብለውኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ሰው ይደብቅ ነበር፤ አልክድም። በሦስተኛው አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ምንጩ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ በየበጋው መጥፋት ጀመረ። እናቴ ጀሪካን አዝላ ኮረብታ ተሻግራ ስትቀዳ ኖረች፤ ወገቧ ከዚያ ወዲህ አልተቃናም። ኃላፊው እድገት አግኝቶ ተዛወረ። በጨፌው ዳር የቀረውን እርጥበት እንዲጨርስ ባሕር ዛፍ ተተከለበት።

ባለፈው ክረምት የቦዩ ራስ እንዲደፈን ልጠይቅ ቢሮ ሄድኩ። "ጥናት ያስፈልገዋል" አሉኝ። ሲቆፈር የጠየቀ አልነበረም! ተመልሼ ኦቦ ገመዳን አደፋፈኑን እንዲያሳዩኝ ለመንኩ። በከዘራ እየተደገፉ መጥተው ዳር ተቀመጡና አዘዙኝ። "ድንጋዩ ብቻውን አይዝም፣ ጭቃ ጨምርበት። ኧረ እዚያ አይደለም! ግጥም መሰለህ እንዴ?" እስኪመሽ ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። በማግስቱ ስመጣ ክትሩ ፈርሷል።

ያፈረሰው ከታች መሬት የደረሰው የክፍሌ ልጅ ነው፤ ያኔ ከጎኔ ሲቆፍር የነበረ። አካፋውን እንደያዘ ጠበቀኝ። "ልጆቼን ቄጠማ ላብላቸው?"

"የላዩን ብቻ ነው የምደፍነው" አልኩት። "ያንተን ማን ነካው?"

"በግጥምህ አስቆፈርከን፤ አሁን ደግሞ ድፈኑ ትለናለህ። ሂድ ወዲያ!"

እውነቱን ነው። ምንጩ ግን ይሄን ክርክር ጨርሰን እስክንመጣ አይጠብቅም። እሱ እያየ እንደገና ደፈንኩት። እንደገና አፈረሰው። እስካሁን አራት ጊዜ ደፍኛለሁ፤ አራተኛው ገና አልፈረሰም። በሰፈሩ ሳልፍ "የበቆሎ ጠላት!" ብለው ይጮሁብኛል። ያኔ በልጅነቴ ይህ ሰፈር አጨብጭቦልኝ ደስ ብሎኝ ተኝቼ ነበር። አሁን ይሰድበኛል፤ እኔም መልሼ እሰድበዋለሁ፤ ጠዋት ግን ውሃው ስንት ጣት እንደጨመረ ለማየት ወደ ክትሩ እወርዳለሁ።