ጠርዙ ያልተቀባው ኮምፔርሳቶ

ርዕሰ መምህርቷ “ኮምፔርሳቶውን ማን ይረከባል?” ብለው ሲጠይቁ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አሮጌውን አዳራሽ ለሁለት ለመክፈል ወላጆች አዋጥተው ሃያ ኮምፔርሳቶ ከተክለ ሃይማኖት ተገዝቶ መጣ። አናጢው ግን “ከመስከረም በፊት አልደርስም” አለ። ስለዚህ እንጨቱ ክረምቱን መጋዘን ውስጥ ማሳለፍ ነበረበት። መጋዘኑ ደግሞ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር፣ ምስጥ እንደ ልቡ የሚመላለስበት ቤት ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ኮምፔርሳቶ አንድ ወጥ እንጨት አይደለም፤ በኮላ የተጣበቁ ስስ ልጦች ድርብርብ ነው። ፊቱ ለስላሳና ዝግ ሲሆን ጠርዙ ግን ክፍት ነው፤ ልጦቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይታያሉ። ውሃም ምስጥም በዚያ በኩል ይገባል። ሻጋታ ደግሞ እርጥበትና የታፈነ ቦታ ካገኘ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ያኔ እኔ የማውቀው የዚህን ግማሽ ነበር። ሌላውን ግማሽ የሚያውቁት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነበሩ።

ጥበቃው በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን አናጢ ቤት እንጨት ሲልጉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ወገባቸው እምቢ ሲል እኛ ጋ ተቀጠሩ። የሚኖሩት ከበሩ ጎን ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ሌላ ቤት አልነበራቸውም። ተማሪውም አስተማሪውም “ጋሼ” ነው የሚላቸው።

የምስጥ መድኃኒት ገዛሁ፤ በውሃ በጠበጥኩት፤ ጓንት አጥልቄ የእያንዳንዱን ፊትና ጀርባ በብሩሽ ቀባሁ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

“ጠርዙስ?” አሉኝ።

“ጠርዙ ቀጭን ነው ጋሼ። ዋናው ፊቱ ነው።”

“ፊቱን ምስጥ ምን ያደርገዋል፣ ሊያገባው ነው? ይልቅ ጠርዙን የተቃጠለ ዘይት አስነካው። ከሥሩ ድንጋይ አድርግና ከፍ ይበል። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቀው፣ ነፋስ ይለፍበት።”

የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንደሚሸት፣ ልጆች ለሚማሩበት ክፍልም እንደማይሆን አስረዳኋቸው። በዚህስ አልተሳሳትኩም ነበር። ግን በዘይቱ ፋንታ ሌላ ነገር መፈለግ ሲገባኝ ጠርዙን እንዳለ ተውኩት። ከዚያ ሻጋታ ያለ ውሃ እንደማይበቅል፣ ውሃ እንዳይገባ ደግሞ በላስቲክ መጠቅለል እንደሚበቃ በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኳቸው። እሳቸውም ጥሩ ተማሪ ሆነው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

የቀባሁት ሳይደርቅ ሃያውንም ወለሉ ላይ ደራርቤ፣ ግድግዳው ሥር አስጠግቼ፣ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልዬ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። የሒሳብ መምህሩ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ “ምነው፣ ሙሽራ ናት እንዴ እንዲህ የምትሸፋፍናት?” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሥራዬ ያማረ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ለክረምት ትምህርት ከአዲስ አበባ መውጣት ስለነበረብኝ ርክክብ አዘጋጀሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ሥርዓት ስለምወድ ነው። “ሃያ ኮምፔርሳቶ ያለ እንከን ተረክቤአለሁ። እስከ መስከረም ሳልከፍት እጠብቃለሁ። ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነኝ” ይላል። የጋሼ መነጽር ተሰብሮ ስለነበር አነበብኩላቸው።

“ይሄ ሁሉ ለእንጨት?” አሉ።

“ለሥርዓት ነው ጋሼ።”

ፈረሙ። አንዱን ቅጂ ለርዕሰ መምህርቷ ሰጥቼ ሄድኩ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነበሩ።

“መምህር፣ መጋዘኑ መጥፎ መጥፎ ይሸታል። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል አልቦታል። ልክፈተው?”

“እንዳይከፍቱት! የውጩ እርጥበት ከገባ ይብሳል። ደግሞ ፈርመዋል እኮ ጋሼ።”

“እሺ ልጄ። አንተ ካልክ” ብለው ዘጉ።

መስከረም ላይ አናጢው፣ ርዕሰ መምህርቷና እኔ ሆነን ከፈትነው። ሽታው ወደ ኋላ መለሰን። ላስቲኩ ያስቀረው የዝናቡን ውሃ አልነበረም፤ እኔ ራሴ ቀብቼ ያፈንኩትንና ከወለሉ ሽቅብ የመጣውን እርጥበት ነበር። የላይኞቹ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ለብሰዋል፤ ልጦቻቸው ተላቀው እንደ ረጠበ ደብተር ተገልጠዋል። ከግድግዳው እስከ ጠርዙ ምስጥ የአፈር መንገዱን ሠርቷል። አናጢው የታችኛውን ሲያነሳው መሐሉ እጁ ላይ ፈረሰ። ከሃያው የተረፉት አራት ነበሩ።

የንብረት ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህርቷ የእኔን ወረቀት፣ በእኔ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈውን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“በመሐል የተነገረህ ነገር ነበር?”

ጋሼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ስልክ መደወላቸውን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ቋሚ ሠራተኛ ከሆንኩ ገና መንፈቄ ነበር። ወላጆች ግቢው ውስጥ ቆመው ይጮኻሉ።

“ያለው ወረቀቱ ላይ ነው” አልኩ።

ጋሼ አዩኝ። እናገራለሁ ብለው አፋቸውን የከፈቱ መስሎኝ ነበር። ኮፍያቸውን አደረጉና “አብሽሩ፣ ፊርማው የኔ ነው” ብለው ወጡ። በዚያው ሳምንት የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ክፍሏንም ለቀቁ።

እውነቱን ለመናገር ስምንት ቀን ፈጀብኝ። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለርዕሰ መምህርቷ ሰጠሁ። አነበቡት።

“ታዲያ ያን ዕለት አፍህ ምን ሆኖ ነበር?”

በመስኮቱ ወደ ዋናው በር ጠቆሙ።

“አዲስ ጥበቃ ተቀጥሯል። ባለ አራት ልጅ ነው። አሁን እሱን ላባርርልህ?” ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከዚያ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

አዲሱ ጥበቃ ዕቃውን ሲያስገባ ከክፍሏ አንድ አሮጌ ኮምፔርሳቶ አውጥቶ ደጅ አቆመ። የጋሼ አልጋ ነበር። ተጠግቼ አየሁት። አራቱም ጠርዝ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። ክፍሏ ውስጥ ስገባ የተነሳበት ቦታ ላይ አራት ድንጋዮች ነበሩ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቀዋል። ወለሉ የመጋዘኑ ዓይነት አፈር ነው። እንጨቱን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ድፍን ድምፅ ሰጠ።

ቅዳሜ ዕለት አሸክሜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአንድ ዘመዳቸው ጋ ተጠግተዋል ወደተባለበት ቤት ወሰድኩት። ጋሼ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁትን ሁሉ በተርታ ተናገርኩ፤ እንደ ልማዴ ረዘመብኝ።

“ያን ቀን አጭር ነገር ይበቃ ነበር” አሉኝ። “‘ደውለው ነበር’ ማለት። በቃ።”

ወዲያው ዓይናቸው እንጨቱ ላይ አረፈ። በመዳፋቸው ጠርዙን ዳሰሱት።

“መልሰህ ውሰደው። እዚህ አምስት ሆነን ነው የምንተኛው፤ ይሄን የምዘረጋበት ቦታ የለኝም።”

“ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ነው።”

“ውሰደው አልኩህ። ክረምት ሳይገባ ጠርዙን ዘይት አስነካው።”

ተሸካሚው ሄዶ ስለነበር እኔው ራሴ አነሳሁት። እስከ ልደታ ድረስ ሦስት ቦታ አሳረፍኩት፤ ባሳረፍኩ ቁጥርም ከሥሩ ድንጋይ ፈልጌ አደረግሁ።