አባባ ነጠላውን ወደ ፀሐይ ሲያነሳ

በጃንሆይ ዘመን ሸማ ተራ ነጠላ ሊገዛ የመጣ ሰው እንዲሁ አንስቶ አይሄድም። ሻጩ አባቴ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ወደ ፀሐይ ከፍ ያደርገዋል፤ ገዢው ደግሞ ፈትሉ እኩል መሆኑን፣ ቀዳዳ አለመኖሩን በብርሃኑ ያያል። ትንሿ እህቴ ያን ጊዜ አፏን በቅጡ አልፈታችም ነበር። አባባ ነጠላ ባነሳ ቁጥር ሮጣ ከወዲያ በኩል ትቆምና "አየሁህ!" ትለዋለች። እሱም ገበያተኛውን ረስቶ "ማናት? ማናት ያየችኝ?" እያለ ይፈልጋታል። ተከራክሮ የማይጠግበው ገዢ ሁሉ ይስቃል። ዛሬም አዲስ ሸማ ሲሸተኝ ያ ሳቅ ይመጣብኛል።

የእህቴ የግራ ዓይን ያበራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ሱቁ ስትገባ ብሌኗ እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ብልጭ ይላል። እኛ ውበት መሰለን። ውበት ስለመሰለን ደግሞ ደበቅነው። እናቴ "የሰው ዓይን ይበላብኛል" ትልና፣ እንግዳ ብቅ ባለ ቁጥር ነጠላዋን ጎትታ የልጅቷን ፊት ትሸፍናለች። ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል ነገሩን የሚያውቅ ሰው አልፎ ቢሆን እንኳ፣ እህቴን ያገኛት ተሸፍና ነው።

ከማዶ ክርና ቁልፍ ለሚሸጠው ሙስሊም ጎረቤታችን ግን አትሸፈንም፤ ከረሜላ እያጎረሰ ያሳደጋት ሰው ነው። አንድ ቀን ሱቃችን ደፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ ካመነታ በኋላ አባባን "ወንድሜ፣ አትቀየመኝ" አለው። "በሰው ልጅ ክፉ አይወራም። ዝም ብል ግን አላህ ይጠይቀኛል። የወንድሜ ልጅ ዓይን ልክ እንዲህ ያበራ ነበር። እኛም ደስ ብሎን ነበር። ልጁን ቀበርነው።"

እናቴ "ሟርተኛ!" ብላ ልጅቷን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። አባባ ግን በማግስቱ እህቴን ትከሻው ላይ አድርጎ ሐኪም ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ።

ፈረንጁ ሐኪም በባትሪ ዓይኗን ሲያይ ቆየና አንድ ነገር ተናገረ። ረዳቱ ድሬሰር ተረጎመልን፤ ዓይኗ ውስጥ ነቀርሳ አለ፣ ዛሬ ካንሰር የምንለው መሆኑ ነው። ዓይኗ ካልወጣ ወደ አንጎሏ ዘልቆ ይገድላታል።

"እዚያች ዓይኗ ድረስ ብቻ የሚሄድ መድኃኒት የለም?" አለ አባባ። "እኛ አንድ ክር ቢበላሽብን እሱኑ መዘን እናወጣለን እንጂ ሸማውን አንቆርጥም።"

ሐኪሙ ይህ ሲተረጎምለት ቀና ብሎ አየው። በውጭ አገር መድኃኒቱን በአንገት የደም ሥር አድርገው የሚሞክሩ አሉ፣ እኛ ዘንድ ግን የለም አለ። አባባ እዚያው አለቀሰ። ከዚያ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገና "ትኑርልኝ እንጂ፣ አውጡት" አለ።

እህቴ ዓይኗ ወጥቶ ስትመለስ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። የተራው ሰው ሁሉ ሱቃችን ደጃፍ ተሰበሰበ። እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ወደ ልጅቷ ፊት ስትጎትት አባባ እጇን ያዛት።

"ተዪው፣ ይዩአት። አለችልኝ እኮ!"

ጎረቤታችን ከሰዉ ኋላ ቆሞ ያለቅስ ነበር። እናቴ ሄዳ እጁን ሳመችው፤ ያን ያህል ኩሩ ሴት እንዲህ ስታደርግ አይቼ አላውቅም።

በቅርቡ፣ ሐኪሞች ክር በመሰለ ቱቦ ከጭን ተነስተው በደም ሥር ውስጥ መድኃኒቱን ዓይን ድረስ እንደሚያደርሱ ሰማሁ። ለእህቴ ነገርኳት። ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች አሮጊት ናት። "አባባ የጠየቀው እኮ ነው" አለች። ሁለታችንም አለቀስን።

አባባ የእህቴ ዓይን ከወጣ ወዲያ ነጠላ ወደ ፀሐይ ማንሳት ትቶ ነበር። ገዢ ሲጠይቀው "እመነኝ፣ ደህና ነው" ብሎ ይሸኘዋል። አንድ ቀን ግን አንዲት ባልቴት ካላየሁ አልገዛም ብለው ድርቅ አሉ። አባባ ሁለቱን ጫፎች ይዞ አነሳው።

ከወዲያ በኩል "አየሁህ!" የሚል ድምፅ መጣ።

አባባ "ማናት?" ማለት አቃተው። ነጠላውን እንዳነሳ "አየሽኝ እንዴ?" አለ። "አየሽኝ፣ ልጄ?"