በቀዳዳው አፍ የቀባሁት የስለት ጧፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሦስት የነፍስ አባት ቀብሬአለሁ፤ ሦስቱም ሳያውቁት ሄዱ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ለእናቴ አፍ መመለሴን ነግሬአቸዋለሁ። ይችን ግን እየዘለልኩ ንስሐ ገባሁ፤ ያ ንስሐ ከተባለ። ለእናንተ የምናገረውም ስለማምናችሁ አይደለም። ሰው ማመን አልፈጠረብኝም። ስለማታውቁኝ ነው።

ባሌ ቶላ አናጢ ነበር። አባቱ ከየካ ተራራ ግርጌ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ እሱ ግን ሞፈሩን ትቶ መጋዝ ያዘ። በኋላም አንድ የፈረንጅ ጋራዥ ተቀጥሮ የተቦረቦረ የመኪና አካል በፋይበርግላስ መድፈን ተማረ። ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ በሙጫ እያራሰ ይለጥፈዋል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በሰፈራችን ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የጭነት መኪና ጀልባ ተሸክሞ ደጃችን ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ጀልባዋን ዞሮ አያትና፣ «ቶላ፣ ለየትኛው ባሕር ነው? ለቀበና ወንዝ?» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌን ኖኅ ይሉት ጀመር። ዝናብ በጣለ ቁጥር በአጥሩ ላይ እየተንጠለጠሉ፣ «ኖኅ፣ ለእኛም ቦታ ያዝልን» ይሉታል። እሱ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። ከመኪናው ጋቢና የወረደችውን ሴት እያየሁ ነበር።

ትርንጎ ትባላለች። ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር በአንድ ፈረንጅ ቤት ስታገለግል ኖራ፣ ሰውየው አገሩ ሲገባ ያረጀች ጀልባውን ትቶላት ሄደ። ባሏ ሞቷል፤ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ነበረቻት። ጀልባዋ ከተጠገነች ሽርሽር የሚመጣውን ሰው ሐይቁ ላይ እያንሸራሸረች ልትኖርባት ነበር። ካልተጠገነች ሌላ ምንም አልነበራትም። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። አላወቅሁም እንዳልል።

ቶላ የጀልባዋን ወለል ቆርጦ ሲያነሣው ከስሩ ያለው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ በጣት ይዛቅ ነበር። ወለሉን ተሸክመው ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱትን እንጨቶች እሱ እንደ ጣሪያ እንጨት ወራጅ ይላቸዋል። አዲስ ወራጅ ከዝግባ ጠረበ። እርጥብ እንጨት በሙጫ ከታሸገ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል ብሎ ከማድ ቤቴ ቆጥ ላይ፣ ከምድጃው በላይ ደረደራቸው። አባቱ ሞፈርና ቀንበር የሚያደርቁት እንደዚያ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ጭስ ጠጥቶ የከረመ እንጨት አይነቅዝም፣ አይጣመምም። የጋራዡ ሰዎች ሰምተው ሳቁበት። እሱ ግን የአባቱን ነገር በማንም አያስነካም። «ጭሱን እንዳታቋርጪብኝ» አለኝ። አላቋረጥኩም። ያን ክረምት ዓይኔ እስኪጠፋ የሌላ ሴት እንጨት አጨስኩ።

እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ትመጣለች። ዓሣ ይዛ ትመጣለች። የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ እሱ ከስር ሆኖ ሲፍቅ ያወራሉ። እኔ ስቀርብ ወሬው ይቋረጣል። ወይስ እኔ ስቀርብ መቋረጡን ስለምጠብቅ ነው? እሱም ቢሾፍቱ ልኬት ልይ ብሎ ሄዶ አድሮ ይመጣል። ጀልባዋ እኔ ግቢ ቆማ ቢሾፍቱ ምን ልኬት አለ? ጠየቅሁት። «የምትታሰርበትን ቦታ» አለኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። እስካሁንም ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ሰሐን ሳቀርብላቸው ትርንጎ እጄን ያዝ አደረገችና፣ «እቴ በላይነሽ፣ ይኼን ክረምት ባልሽን ወሰድኩብሽ አይደል? ስንጨርስ እመልስልሻለሁ» አለች። ቶላ ሳቀ። ቀልድ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሌባ ቀልድ አይመስልም። ያን ቀን ግን ሌባ እንደዚያ በግልጽ የሚቀልደው የሰረቀው ነገር ቀድሞ እጁ ከገባ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በነጋታው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ዳገቱን በባዶ ሆዴ ወጥቼ፣ ይችን ሴት ከቤቴ ካነሣሽልኝ ጧፍ አበራልሻለሁ ብዬ ተሳልኩ። ከያዝኩት ጧፍ ግማሹን አብርቼ ግማሹን ስለቴ ሲሰምር ላበራው ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተመለስኩ።

መስከረም ጠባ። እንጨቱ ደርቆ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ቶላ ወራጆቹን ገጠማቸው፤ በጨርቅና በሙጫ ሸፈናቸው። ከወለሉ ስር የሚገባው ውሃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዲፈስ በየወራጁ ግርጌ በቀኝም በግራም ቀዳዳ ነበር። የቀዳዳው ውስጥ ጥሬ እንጨት ነው፤ እሱም በሙጫ መለሰን አለበት። የቶላ እጅ አይገባም። የእኔ ይገባል። ሙጫውን በጣሳ በጥብጦ ሰጠኝና፣ «አንዱን እንዳትረሺ። ውሃ በአንዱ ከገባ ሁሉም ድካም ገደል ገባ» አለኝ።

አልረሳሁም። በቀኝ በኩል ያሉትን አንድ በአንድ ቀባሁ። በግራ በኩል፣ ትርንጎ መሪውን ይዛ በምትቀመጥበት በኩል ያሉትን ግን ተውኳቸው። ባዶ ሆነው እንዳይታዩበት ከነጠላዬ ጫፍ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተቋጠረ የነበረውን ያን ጧፍ ፈታሁ፤ በእጄ አሙቄ የየቀዳዳውን አፍ ዙሪያውን በሰሙ ቀባሁት። የደረቀ ሙጫም ሰምም ቢጫ ነው፤ ሁለቱም ያብለጨልጫሉ። ቶላ ከላይ አጎንብሶ አየና፣ «ሁሉንም ቀብተሻል?» አለኝ።

«ቀብቻለሁ» አልኩት።

በዚያው ከሰዓት ወለሉን አለበሰው።

ምን ፈልጌ ነበር? በኋላ እንደሆነው የትርንጎ እግር እንዲሰበር አልፈለግሁም። ጀልባዋ እንድትበላሽ ፈልጌ ነበር። ከዚያስ? ጀልባ ሲበላሽ አናጢው ተመልሶ እንደሚጠራ አላወቅሁም? ያን ያህል እንኳ አላሰብኩም። እሷ የምትደሰትበት ነገር ከስሩ እንዲበሰብስ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ እኔም ከስሬ እየበሰበስኩ ስለነበረ። ይህን የምለው ለመጽደቅ አይደለም። ብዙ ሴት ትቀናለች። የስለት ጧፍ በቀዳዳ አፍ የምትቀባ ግን እኔ ነኝ።

ጀልባዋ ቢሾፍቱ ተወሰደች፤ ሁለት ክረምት አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ከቢሾፍቱ ሰው መጣ። ትርንጎ ሰው ጭና ሐይቁ መሐል ሳለች የግራው ወለል ከስሯ ተደርምሶ፣ እግሯ በተሰበረው ወለል መሐል ገብቶ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሌሎቹን በዓሣ አጥማጆች ጀልባ አወጧቸው። የሞተ የለም። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም፤ ጀልባዋም ዳር ላይ ተጥላ ቀረች። ልጇን የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገች።

ቶላ ሄዶ ወለሉን ከፍቶ አየ። ሲመለስ ለጠየቀው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው፤ «ጭሱ ነው። የአባቴ ዘዴ ለሞፈር እንጂ ለጀልባ አይሆንም።» የጋራዡ ሰዎች የጭስ መሐንዲስ አሉት። ኖኅ ሲሉት ይስቅ የነበረ ሰው በዚህኛው አልሳቀም። ሥራ ቀረበት፤ በመጨረሻ የሬሳ ሣጥን ብቻ ይሠራ ነበር፤ በሣጥን ማንም አይከሰውም። የአባቱንም ስም ከዚያ ወዲያ ሲያነሣ አልሰማሁም። በዚያ ክረምት ጭሱን አንድ ቀን እንኳ ያላቋረጥኩት እኔ ነበርኩ። ጭሱ ምንም እንዳላጠፋ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አጠገቡ እየተኛሁ ዝም አልኩ።

ቶላ የሞተ ጊዜ ትርንጎ ለቅሶ መጣች። ምርኩዟን ይዛ ከደጁ እስከ ድንኳኑ ስትደርስ ሰው ሁሉ ተነሣላት። አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «በእሱ አልፈረድኩበትም እኮ። ዕድሌ ነው» አለችኝ። ስታለቅስ አየኋት። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን እንኳ ይህ የማን ለቅሶ ነው ብዬ ዕንባዋን መዘንኩ።

ሰው ሲበተን የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከመሮዎቹ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ የበሰበሰ እንጨት አገኘሁ፤ ከአንዱ ወራጅ የግራ ጫፍ የተቆረጠ ነው። ቀዳዳው አለበት። በቀዳዳው አፍ ሰሙ አለ። ግማሹ በመሮ ጫፍ ተፍቋል።

አናጢ ነው። ሰምን ከሙጫ ይለያል። እዚያው ሐይቁ ዳር አውቋል ማለት ነው። አውቆ መጣ፣ ያቀረብኩለትን በላ፣ የአባቱን ስም አሳልፎ ሰጥቶ የእኔን ሸሸገ። ለምን? ወዶኝ ነው? ወይስ ዝም ብሎ ዕድሜዬን ሙሉ ሊቀጣኝ? ወይስ ከዚያች ሴት ጋር በእርግጥ ነገር ኖሮት፣ ይገባኛል ብሎ የእኔን በደል እንደ ቅጣት ተቀበለው? ሦስቱንም አምኛቸዋለሁ፣ ሦስቱንም ጠርጥሬአቸዋለሁ። የሚመልስልኝ ሰው ተቀብሯል።

ትርንጎ አለች። የካ አባዶ ልጇ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፤ ደረጃው አይሆንላትምና አትወርድም ይላሉ። ስለዚህ እኔ እወጣለሁ። እንጨቱን ከነጨርቁ እወስድላታለሁ። በእሷና በባሌ መካከል ምን እንደነበረ ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ አልዋሽም፣ ዛሬም እፈልጋለሁ። ነገር ግን የመጠየቅ መብቴን ያን ቀን በዚያ ቀዳዳ አፍ ደፍኜዋለሁ። ይቅር በይኝም አልላትም፤ ይቅር ካለችኝ ደግሞ ለምን ይቅር አለችኝ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። የምነግራት ይህን ብቻ ነው፦ እግርሽን የሰበረው የቶላ አባት ጭስ አይደለም። የእኔ ጧፍ ነው።