ለቦርጭ የተሸከምሁት ድንጋይ

አባቴ «ሆድ ከጌታው ቀድሞ በር ይገባል» ይል ነበር። በደርግ ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ የእህል መጋዘን ጆንያ ስሸከም የእኔም ሆድ እንዲያ ሆነና ትንፋሽ አጠረኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ «ጾም ብቻውን ጡንቻህንም ያቀልጠዋል። ጧት ጧት ሸክም ይዘህ ዳገት ውጣ፤ ስቡ ይሄዳል፣ ጉልበትህ ይቀራል» አለኝ። ጉልበቴ ከሄደ እንጀራዬም ሄደ። ስለዚህ ኪዳን አድርሼ፣ አንድ ሸጋ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ዳገቱን ተያያዝሁት።

ቦርጬ መጉደል በጀመረ ሰሞን ከማላውቀው መንደር ዘለቅሁ። ድንጋዩን ሳላወርድ አንድ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለከልክ፣ ሽማግሌ ወጡና አይተውኝ እንባቸው መጣ።

«ምነው እስከ ዛሬ ቆየህ?»

«አያ፣ እኔኮ...» ትንፋሽ ከየት ይምጣ!

«ዝም በል፤ መምጣትህ ይበቃል።»

ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ አንዱ ጎረምሳ ዱላውን ጨብጧል። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት እንደሚለምን ያኔ ትዝ አለኝ። በደሌ ምን እንደሆነ ግን ማን ይንገረኝ? በልቤ «በስመ አብ» አልሁ። ሽማግሌው ድንጋዩን አወረዱልኝና ግንባሬን ስመው እንዲህ አሉኝ፦

«ስለ እግዜር ብዬ ምሬሃለሁ፣ ልጄ። ላሟ ግን ስትሰርቃት እርጉዝ ነበረች፤ ከነጥጃዋ አምጣት።»