ድሩሲላ ያላስነካችው መጨረሻ

ድሩሲላ ፔተንጊል በአሜሪካ፣ በመሪማክ ወንዝ ዳር ባለ የጥጥ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት ሸምናለች። አራት ማሽን ብቻዋን ትጠብቃለች፤ ድር ሲበጠስ ትቀጥላለች፣ መወርወሪያው ማግ ሲጨርስ ትተካለች። ሽመና ክፍል መጽሐፍ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሴቶቹ ግን መላ አላጡም፤ ከመጽሐፉ ገጽ ይገነጥሉና መስኮቱ ላይ በስታርች ይለጥፉታል። ደንቡ መጽሐፍ አለ እንጂ ገጽ አላለም። ድሩሲላ የዘመኑን ድርሰት ያነበበችው እንዲህ ቆማ ነው፤ እጇ ክሩ ላይ፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ።

አንብባ አንብባ ተናደደች። ወንዶቹ የሚጽፉት ጀግና ጫካ ይገባል፣ ባሕር ያቋርጣል፣ ከገዛ ነፍሱ ጋር ይሟገታል፤ የት ወጣህ የት ገባህ የሚለው የለም። ሴቲቱ ግን ወይ ታገባለች፣ ወይ ሳል ይገድላታል።

“እኔ ዘጠኝ ዓመት የጥጥ ብናኝ ውጬ አልሞትኩ!” አለቻት በፋብሪካው ማደሪያ አልጋ ለምትጋራት ሸማኔ ለሎይስ።

“አንቺንማ ሳሉም ፈርቶሽ ነው፣ እቴ።”

ስለዚህ ራሷ ጻፈች። በድርሰቷ አንዲት ሸማኔ ያጫትን ባለ እርሻ ትታ፣ ብቻዋን የተራራውን መንገድ ይዛ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ፋብሪካው ቀደም ብሎ ሲዘጋ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ድርሰታቸውን ያለ ስም ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፣ ቄስ ቶርንዳይክ እያወጡ ለሁሉም ያነባሉ። የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የኔ ነው ማለት ደግሞ ለሴት ልጅ የባሰ ነውር። ደንቡ ለዓይናፋሮች የወጣ ነበር፤ ለቄሱ ግን ተመቻቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ ደስ ያላቸውን ይጨምራሉ፣ ያላማራቸውን ይቆርጣሉ፤ ማን ተነሥቶ ይናገራል?

የድሩሲላን አንብበው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን አለዘቡ። “ሸማኔዋም ተጸጽታ ተመለሰች፤ በእጮኛዋ ክንድ ላይ ነፍሷ ወጣች።” መሐረብ በየፊቱ ተነሣ።

ድሩሲላ ብድግ አለች። ከቄሱ አጠገብ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ጋውልት ተቀምጠዋል። እሳቸው ያለ ምስክር ወረቀት ያሰናበቷትን ሴት በወንዙ ዳር የሚቀጥራት ፋብሪካ የለም።

“ኧረ ተቀመጪ!” ሎይስ ቀሚሷን ጎተተቻት። “ሥራሽን ልታሳጪ ነው!”

“ድርሰቱ የኔ ነው” አለች ድሩሲላ። “ያቺ የሞተችው ግን የእርስዎ ናት።”

ቄሱ ፈገግ አሉ። “ልጄ፣ ያቃናሁት ላንቺው ብዬ ነው። ጨዋ ሴት ብቻዋን ተራራ ለተራራ አትዞርም።”

“ጨዋ ወንድስ? ባለፈው ያነበቡልን ሰውዬ ሦስት ዓመት ጫካ ለጫካ ሲዞር እናቱን እንኳ አልተሰናበተም። እሱን ምነው ሳይገድሉት ቀሩ?”

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ሚስተር ጋውልት በከዘራቸው ወለሉን ደበደቡ። እሷ ግን የጻፈችውን መጨረሻ በቃሏ አለችው፦ “ማንም አልተከተላትም። እሷም ዞራ አላየችም።”

ሰኞ ጠዋት ያለ ወረቀት ተሰናበተች። ማሽኑ ሳይነሣ ገጾቿን ከመስኮቷ ልታነሣ ብትገባ፣ በየመስኮቱ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የራሷ መጨረሻ ገጽ ነው፣ እጅ ጽሑፉ ግን የየሰዉ። ሎይስ ረቂቁን ከድሩሲላ ትራስ ሥር አውጥታ፣ ሴቶቹ እሑድን ሙሉ ተደብቀው ሲገለብጡት ውለዋል።

የሽመና ክፍሉ ተቆጣጣሪ ወረቀቱን በቢላ እየፋቀ ጮኸ። “ማን ነው ይህን የጻፈው?”

“ውይ፣ ጌታዬ!” አለች ሎይስ። “የማን ነው ብሎ መጠየቅማ ነውር ነው። ቄስ ቶርንዳይክ አልነገሩዎትም?”

አንዱን ሲፍቅ ከኋላው ሌላ ይለጠፋል። ደወሉ ተደወለ፣ ማሽኖቹ ተነሡ፣ ተቆጣጣሪው ቢላውን ይዞ ቀረ።

ድሩሲላ ገጾቿን ሳትነካ ወጣች። በድርሰቷ ያለችው ሴት ዞራ አላየችም ነበር። እሷ ግን ከበሩ ስትደርስ ዞረች፤ በወረቀት የተሸፈኑትን መስኮቶች አንድ በአንድ እያየች፣ ሳታፍር አለቀሰች።