ለማንዶሊን የታሰበ ጽድ

አቶ አላምረው ማራኪ ካምፓስ ሎጂክ ሲያስተምሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሚስጥር ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነውና፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት ማንዶሊን በሠርጓ ሊጫወቱላት ቃል ገቡ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወይንሸትን በወጣትነታቸው ያማለሉት በማንዶሊን ስለነበር ቃሉ ቀልድ አልነበረም። የያኔው ማንዶሊን ግን ከተሰነጠቀ ቆይቷል።

ክረምቱን ሲያስቡ ከረሙ። ጀርባው እንደ ቅል ይበጥ ወይስ ጠፍጣፋ ይሁን?

«ጠፍጣፋ ይሁን» አሉ ወይዘሮ ወይንሸት፤ «ሆድስ አንተ ጋ ሞልቷል።»

ለጀርባው ከጠዳ ዋንዛ መጣ። ለፊቱ የፈለጉት ግን ዕድሜ የጠገበ ጽድ ነው፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል። እንዲህ ያለው የተገኘው ጣሪያው በሚታደስ የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከላይ ከወረደ ወራጅ ላይ ነበር። አቶ አላምረው በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። እንጨቱ ጥርት አድርጎ መለሰ።

«ምነው አያ አላምረው፣ በር አደረጉት እንዴ?» አሉ የደብሩ መሪጌታ።

«ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ አቶ አላምረው።

«የቤተ ክርስቲያን እንጨት ለዓለም አይወጣም። ቤተልሔም ገብቶ ኅብስት ይጋገርበታል።»

«እኔ እኮ ለዜማ ነው የፈለግሁት።»

«ለዜማ?» የመሪጌታ ፊት በራ። «በገና ከሆነማ ሸጋ ነው!»

አቶ አላምረው እንጨት ሃይማኖት እንደሌለው የሚያስረዱበት መነሻ ሐሳብ ሞልቷቸው ነበር። ካፋቸው የወጣው ግን «አዎን» ብቻ ነው።

መሪጌታ ወራጁን ራሳቸው አሸክመው አመጡላቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ሳያዩ የቀሩበት እሑድ የለም። በፊታቸው ማንዶሊን መጥረብ ስለማይቻል በገና ተጠረበ፤ ዋንዛው ሳጥኑ፣ ጽዱ ቋሚዎቹ ሆኑ። የጠፍጣፋና የቆዝራጣው ክርክር ያለ ብይን ተዘጋ። ሁዳዴንም መሪጌታው ድርደራ ሲያስተምሯቸው ከረሙ።

የሠርጉ ዕለት ዲጄው ስፒከሩን አጠፋ። አቶ አላምረው የሚችሉት አንድ ዜማ ብቻ ነበር፤ እሱም ዓለም አላፊ፣ ሥጋ አፈር መሆኑን የሚያሳስብ። ሚዜዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የሙሽራው አክስት ሳይታወቃቸው ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቀዘቁ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ወይዘሮ ወይንሸት በሹክሹክታ፣ «ልጅቱን እየዳርክ ነው እየገነዝክ?»

ሚስጥር ይህን ሰምታ ሳቋን ልትደብቅ ቬሏን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ ወረደ።

መሪጌታ እንባውን አይተው ልባቸው ተነካ። «ይደገም!» አሉ።

አቶ አላምረው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና ደገሙት።